ስድስተኛው አንጓ

በላሊበላ ከተማ ዳር፣ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው አቀበት ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ትንሽ ሆስፒታል አለ። ዓይናዲስ የሻው እዚያ የራጅ ባለሙያ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አጠር ደልደል ያለች፣ ድምጿ ከቁመቷ የሚበልጥ ሴት። ማሽኗ ባለበት ክፍል ውስጥ ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ ሳያጠልቅ የቆመ ሰው ካየች፣ ሐኪምም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ፣ በሩን ከፍታ ታስወጣዋለች። ጨረር በአንድ ቀን ምንም አያደርግም፣ ሲጠራቀም ግን መዘዝ አለው ትላለች። እሷ ራሷ በዚህ ሥራ ላይ እያለች ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ ይህንንም ራጅ ማኅፀን ያደርቃል እያሉ ለሚፈሩ የአገሯ ሴቶች ሳትሰለች ትነግራለች።

የተወለደችው ብልባላ ነው። አባቷ አቶ የሻው ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ደሴ ጤና ኮሌጅ ስትገባ ያሰበችው አዋላጅ ለመሆን ነበር፤ የደረሳት ራጅ ሆነ። ወንድሞቿ ፎቶ አንሺ ልትሆኚ ነው እያሉ ሳቁባት። እሷም ትንሽ አልቅሳ ገባችበት። አንድ ቀን ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰ ሕፃን አመጡና ራጅ ሲነሳ፣ ትከሻው አካባቢ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ በፊልሙ ላይ ታየች። ሐኪሞቹ ያን ሁሉ ጊዜ ሆዱን ሲጫኑ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ምድቧ አላማረረችም።

በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት፣ ዛሬም ስሙን በማትጠራው አንድ ቦታ፣ የአንዲት እናት የደረት ራጅ አነሳች። የሴትዮዋ ሳንባ ውኃ ቋጥሯል። በፊልሙ ላይ ቀኝና ግራን የምትለየውን ምልክት ዓይናዲስ በችኮላ በተቃራኒው ጎን አስቀመጠቻት። ሐኪሙ ውኃውን ለመቅዳት መርፌ ሲያዘጋጅ በበሩ በኩል አየች፤ ልቧም ጠረጠረ። ሐኪሙ ግን አንጋፋ ነው፣ እሷ ደግሞ ከተቀጠረች ገና ስምንተኛ ወሯ ነው። ዝም አለች። መርፌው ጤነኛውን ጎን ወጋ። ሴትዮዋ እንደገና ተወግታ፣ ሳምንት ተጨማሪ ተኝታ፣ ድና ወጣች። ዓይናዲስን ማንም አልጠየቃትም፤ በማግስቱ በራሷ እግር ሄዳ ለኃላፊዋ ተናገረች። ሴትዮዋ ግን ሳትነግራት ከሆስፒታሉ ወጣችባት። እስካሁን የሚቆጫት ከስህተቱ ይልቅ ይኸኛው ነው።

ወደ ላሊበላ ተዛውራ ከመጣች በኋላ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ሆስፒታሉ አዲስ ማሽን አገኘ። ሲ-አርም ይሉታል፤ እንደ ማጭድ የታጠፈ ክንድ ያለው ተንቀሳቃሽ ራጅ ነው። ክንዱ የተኛውን ሰው ከላይና ከታች ያቅፈዋል፤ የእግር መርገጫው በተጫነ ቁጥር የአጥንቱ ምስል እዚያው በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ማሽኑ በመጣ በዓመቱ ተክለ ሚካኤል የሚባል የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም በየሁለት ወሩ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መመላለስ ጀመረ። ዕቃውን በሁለት የብረት ሣጥን ይዞ ይመጣል። ጀርባ ሰፊ አይከፍትም። በምስሉ እየተመራ በትንሽ ቀዳዳ እስክሪብቶ የምታህል ቱቦ ያስገባና፣ በአከርካሪ አንጓዎች መካከል እንደ ትራስ ካለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ የሚጫነውን ቁራጭ በእሷ ውስጥ ለቅሞ ያወጣል። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው። ነርቭ ቢነካ ሕመምተኛው ራሱ እንዲናገር ነው ይህ የሚደረገው።

ዶክተር ተክለ ሚካኤል እጁ የቀና፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነው። ከዓይናዲስ ጋር ሥራቸው ይሰምራል። እሱ «ከፍ» ሲል ታነሳለች፣ «ዞር» ሲል ታዞራለች፤ አላስፈላጊ ምስል ሲጠይቅ ደግሞ ስለ ጨረሩ ታስታውሰዋለች። አንድ የራሷ ልማድም ነበራት። ማንም ሳይጠይቃት፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ ምስሉን ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ላይ ታስጀምርና የወገብ አንጓዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ወደ ታች ትወርዳለች። የወገብ አንጓ አምስት ነው። አምስት ካለች በኋላ «ዝግጁ ነኝ» ትላለች።

ባለፈው የካቲት ከመጡት ሕመምተኞች አንዱ የኔታ ሰውአገኝ ነበሩ። ከአሸተን ግርጌ ባለች ደብር የቅኔና የዜማ መምህር ናቸው፤ ስድሳ ሊሞላቸው ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ሕመሙ ከወገባቸው ተነስቶ በቀኝ እግራቸው ወርዶ አውራ ጣታቸው ላይ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጸበል ተጠመቁ፣ ወጌሻ አሻቸው፣ ኪኒን ዋጡ፣ ስፖርት ታዘዘላቸው። ከገና በኋላ እግራቸው መጎተት ጀመረ። ማኅሌት መቆም ቀርቶ፣ አቀበቱን ከወጡ እንኳ ስድስት ወር ሆኗቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው ተባብረው ደሴ ወስደው ኤምአርአይ አስነሷቸው፤ ከዚያ የመጣው ወረቀት የተንሸራተተው ዲስክ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አንጓ መካከል ነው ይላል።

የኔታ ቀዶ ሕክምናውን ተቀብለውታል። ያልተቀበሉት ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ነበሩ። አንድ የሥጋ ዘመዳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ጀርባው ተከፍቶ እስከ ሞቱ ድረስ ተኝቶ ቀርቷል። በዋዜማው የኔታ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲገቡ፣ ወይዘሮዋ ከራጅ ክፍሉ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዓይናዲስን ጠሯት። ከሐኪሙ ይልቅ እሷን የመረጡት የብልባላ ልጅ መሆኗን ሰምተው ነው። ስለ ዘመዳቸው አጫወቷት፤ እንዴት በቃሬዛ እንደ ተመለሰ፣ ሚስቱ እንዴት እንደ ጎበጠች። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው፦

«በአሸተን ማርያም ማይልኝ፤ በእግራቸው እንደ ገቡ በእግራቸው ይወጣሉ በይኝ» አሏት።

ዓይናዲስ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ መሐላስ አልምልም። በእጄ ያለውን ግን ልንገርዎ። መርፌው ከቆዳ አልፎ ሲሄድ መንገዱን በምስል እናየዋለን። ሳላየው የሚገባ ነገር አይኖርም። ያልገባኝ ነገር ካየሁ ደግሞ ይቁም እላለሁ።»

«አንቺ ስትይው ሐኪሙ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል» አለች።

ወይዘሮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የረኩ አይመስሉም ግን ሌላ አልጠየቁም። ዓይናዲስ ወደ ክፍሏ ስትመለስ መልሷን አሰበችው። ሐኪሙን አስቁማ አታውቅም፤ አስፈልጓትም አያውቅም። ያልተፈተነ ነገር ነበር በእርግጠኝነት የተናገረችው።

በማግስቱ ሦስት ሕመምተኞች ነበሩ፤ የኔታ ሦስተኛው ናቸው። ሁለቱ ያለ ችግር አለቁ። የኔታ በደረታቸው ተኝተው፣ ነርሷ ምሥራቅ በራስጌያቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባቸው በአዮዲን ተቀብቶ ካበቃ በኋላ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እንቢ አለ። አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቁ። የዶክተሩ አውሮፕላን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እንደገና እስኪነሳ ሌላ ጊዜ ሄደ፤ የኔታም በደረታቸው እንደ ተኙ ሰውነታቸው ዝሏል። ዓይናዲስ ማሽኑን ወደ ጎድን አጥንት ልትገፋ ስትል ዶክተሩ የታችኛውን ምስል አይቶ ከዳሌው ወደ ላይ ቆጥሯል።

«ይኸው አራትና አምስት። ቆጥሬዋለሁ፣ እንጀምር» አለ።

ከታች ወደ ላይ መቁጠር ስህተት አይደለም፤ ብዙ ሐኪም እንዲያ ነው የሚቆጥረው። ዓይናዲስ ጄኔሬተሩን፣ አውሮፕላኑን፣ የሽማግሌውን ድካም አሰበች። ማሽኑን ባለበት ተወችው።

ማደንዘዣው ተሰጠ። መንገድ የምትጠርገው ረጅም መርፌ ቆዳውን አልፋ በሥጋው ውስጥ ቀስ እያለች ወረደች። ዶክተሩ አቅጣጫውን ለማስተካከል ምስሉን ወደ ላይ ከፍ እንድታደርግለት ጠየቃት። አነሳች። በስክሪኑ ጥግ የመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ጫፍ ብቅ አለች፤ ዓይናዲስ ስታያት ራቀችባት። ከዚያች ጎድን እስከ መርፌዋ ድረስ ያለው መንገድ ከለመደችው ይረዝማል። በዓይኗ ቆጠረች። ደገመች። የድሮዋ ሴትዮ፣ በበሩ በኩል ያየችው መርፌ፣ ያኔ ያልተናገረችው ቃል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡባት።

«ዶክተር፣ ይቁም» አለች።

ዶክተሩ ቀና ሳይል ምን እንደሆነ ጠየቃት።

«እኔ ስድስት ነው የምቆጥረው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ እንድሆን ነው ይቁም ያልኩት።»

ዶክተሩ ለአፍታ ሰዓቱን የሚያይ መሰላት፤ አላየም። እጁን ከመርፌዋ ላይ አነሳ። በዚህ መሐል ከበታቻቸው፣ ፊታቸውን በትራሱ ቀዳዳ ያስገቡት የኔታ ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ ምን ተፈጠረ?»

ምሥራቅ «ምንም» ልትል አፏን ስትከፍት ዓይናዲስ ቀደመቻት።

«የኔታ፣ አንጓዎን ደግመን ልንቆጥር ነው። መርፌዋ ገና ሥጋ ላይ ናት፤ አጥንትዎንም ነርቭዎንም አልነካችም። እንዳይንቀሳቀሱብን ብቻ።»

የኔታም «ቁጠሩ» አሉ። «እኔም ተማሪ ሲስትብኝ ከመጀመሪያው ነው የማስደግመው።»

ዓይናዲስ ማሽኑን እስከ መጨረሻዋ ጎድን ወሰደችው። አንድ ባለች ቁጥር መርገጫውን ትጫናለች፤ ዶክተሩም ጮክ ብሎ ከእሷ ጋር ይቆጥራል። አራት፣ አምስት። ከአምስተኛው በታች፣ ከዳሌው አጥንት ጋር ተዋሕዶ መቅረት የነበረበት አንጓ፣ ለብቻው ተለይቶ ቆሟል። ስድስት። አንዳንድ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል፤ በሽታ አይደለም፣ ዕድሜ ልኩንም ሳያውቀው ይኖራል። የደሴው ወረቀት የቆጠረው ከላይ ነው፤ ስድስተኛውን ግን አልጠቀሰም። ዶክተሩ የቆጠረው ከታች ነው። ሁለቱም አራትና አምስት ይላሉ፤ ቦታው ግን አንድ አይደለም።

ምሥራቅ ተነስታ የኤምአርአዩን ፊልም በመብራቱ ሰሌዳ ላይ ሰቀለችው። ዶክተሩ ማታ አይቶት ነበር፤ ይዞት የገባው ግን ቁጥሩን ነው። አሁን ቁጥሩን ትቶ ከዳሌው በላይ ያሉትን ክፍተቶች በጣቱ አንድ በአንድ ተከተላቸው። ወደ ኋላ ያበጠው ዲስክ ከታች ሦስተኛው ነው። መርፌዋ ያለችው ሁለተኛው ላይ ነው።

ዶክተሩ መርፌዋን ቀስ ብሎ አወጣ፣ ቦታውን በጨርቅ ተጭኖ ያዘው፣ ከዚያም ለየኔታ ራሱ ነገራቸው፤ አንድ አንጓ ዝቅ ብለው እንደ ጀመሩ፣ ጉዳት እንዳልደረሰ፣ አሁን ትክክለኛውን ቦታ እንዳገኙት፣ ቢፈልጉ ዛሬ ትተውት ሌላ ቀን ሊመጡ እንደሚችሉ። የኔታ ይቀጥል አሉ። ዶክተሩ ምሥራቅን ለአውሮፕላኑ እንደማይደርስ ለቢሮ እንድትነግር ላካት። ከዚያ በኋላ ጥድፊያ የሚባል ነገር ከክፍሉ ወጣ።

ሁለተኛው ጉዞ አንድ ሰዓት ፈጀ። በመሐል የኔታ «እግሬን ነዘረኝ፣ እስከ አውራ ጣቴ» ሲሉ ዶክተሩ ቱቦዋን ትንሽ መለስ አድርጎ ጠበቀ፤ ንዝረቱ ሲተዋቸው በሌላ ማዕዘን ገባ። በመጨረሻ በቀጭን መቆንጠጫ የወጣው ነገር ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ያስነከሳቸው ያ ነበር። ቁስሉ በአንድ ስፌት ተዘጋ። ዶክተሩ አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዲያነሱ ጠየቃቸው። ጣቱ በደካማው፣ ግን በግልጽ፣ ተነሳ።

በኮሪደሩ ሽርጣቸውን ሲያወልቁ ዶክተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ለቤተሰቡ ምን እንደሚሉ እያሰበ ነበር። ጉዳት ስላልደረሰ ወይዘሮዋን ማስደንገጥ ይጠቅም ይሆን ወይ አለ፤ የሚጠይቅ እንጂ የወሰነ አይመስልም። ዓይናዲስ የዚያችን የደረት ሕመምተኛ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችው። ስትጨርስም፣ እሷም ከላይ ሳትቆጥር ማስጀመሯ ስህተቷ እንደሆነ ጨመረችበት።

«የእኔን ለእኔ ተዪው» አላት። «እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺ ግን አብረሽኝ ነይ።»

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ቆመው ሰሙ። ዶክተሩ ሳያድበሰብስ ነገራቸው፤ ስለ ስድስተኛው አንጓ፣ ስለ ወረቀቱ፣ እሱ ራሱ ስለ ሳተው። ሲጨርስ ወደ ዓይናዲስ ዞሩ።

«ባታዪው ኖሮስ?»

«ጤነኛው ዲስክ ይነካ ነበር። የታመመውም እንዳለ ይቀር ነበር።»

ፊታቸው ጠቆረ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ቆይተው ግን የጠየቁት ሌላ ነገር ነው፤ ባላቸው አሁን ውኃ መጠጣት ይችሉ እንደሆነ። ምሥራቅ ይዛቸው ገባች።

የኔታ በማግስቱ ጠዋት ተነስተው፣ በአንድ በኩል በመቋሚያቸው በሌላው በሚስታቸው ተደግፈው፣ እስከ በሩ ድረስ ሄዱ። ሕመሙ ወዲያው ለቀቃቸው፤ የእግሩ መጎተት ግን ጊዜ ወሰደ። ለስድስት ሳምንት ከባድ እንዳያነሱ፣ ቀና ያለ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ታዘዙ። ተማሪዎቻቸው ከድንጋዩ መቀመጫ ላይ አንስተዋቸው መደገፊያ ያለው ወንበር አምጥተው አስቀመጧቸው። ለግንቦት ልደታ ማኅሌት ከቆሙት ውስጥ ነበሩ፤ እስከ መጨረሻው ግን አልቆሙም፤ ባለቤታቸው በዓይናቸው እየጠበቁ በየመሐሉ ያስቀምጧቸው ነበር። አቀበቱን የወጡት በሰኔ መግቢያ ነው፤ ሦስት ጊዜ አርፈው። ቀኝ እግራቸው ሲደክማቸው ዛሬም ትንሽ ይከብዳቸዋል።

በሆስፒታሉ ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። ቆዳ ከመነካቱ በፊት ዓይናዲስ ከላይ፣ ሐኪሙ ከታች ይቆጥራሉ፤ ሁለቱ የቆጠሩት ከፊልሙ ጋር ካልገጠመ አይጀመርም። ይህን ደንብ የጻፈው ዶክተሩ ነው። መብራት ቢጠፋ ከመጀመሪያው ይደገማል የምትለዋን ያስገባችው ዓይናዲስ ናት።

በሰኔው ዙር ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ እየሩስ የምትባል ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። እየሩስ ጋሸና የሚኖረው ልጇ ጋር ስትሄድ እንኳ መኪና ላይ መቀመጥ የማትችል፣ ወገቧ የከረመባት ሴት ናት። ወይዘሮዋ ያን አግዳሚ ሞልተው ተቀምጠው ለእየሩስ ሁሉንም አጫወቷት፤ ስህተቱንም ሳይቀር።

«የኔታን ሊስቱብኝ ነበር» ሲሉ ዓይናዲስ በበሩ ሰማቻቸው። «ግን እዚያው እያሉ አወቁት። ነገሩንም አልደበቁኝም።»

ዓይናዲስ እየሩስን ክፍሏ አስገብታ መጠየቅ ጀመረች። አለርጂ ይኖርባት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ተወግታ ታውቅ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ። እየሩስ ምንም አልወስድም አለች። ዓይናዲስ በቦርሳዋ ያለውን ኪኒን ሁሉ እንድታወጣ ጠየቀቻት። ከማስታገሻው ጋር አንድ ትንሽ ካርቶን ወጣ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው። ልቧን ያያት ሐኪም የሰጣት ነው፤ ለወገብ ስላልሆነ መናገር አልመሰላትም። ዓይናዲስ ካርቶኑን ይዛ ወደ ዶክተሩ ሄደች። እሱም የልብ ሐኪሟን ሳያማክር ይህን መድኃኒት ማስቆም እንደማይችል፣ መድኃኒቱ ሳይቆም ደግሞ ጀርባዋን መንካት ደም አከርካሪዋ ውስጥ ሊያጠራቅም እንደሚችል ነገራት።

ስለዚህ እየሩስ ያን ቀን አልተሠራላትም። ዶክተሩ የሚመለሰው በነሐሴ ነው። ሴትዮዋ ተቆጣች፤ ሌሊት ተነስታ በሕመም እዚህ መድረሷን፣ ሁለት ወር ደግሞ መታገስ እንደማትችል ተናገረች። ዓይናዲስ አልተከራከረቻትም። ቁጣዋን እስክትጨርስ ሰማቻት፣ ለልብ ሐኪሟ ደብዳቤ አጻፈችላት፣ የነሐሴውን ቀን በካርዷ ላይ ጻፈችላት፣ እስከዚያ ሕመሙን የሚያቀልላትን ከፋርማሲ ይዛላት መጣች። እስከ መኪናው ድረስም ሸኘቻት። የፊት ወንበሩ ወደ ኋላ እንዲለጠጥላት ሹፌሩን ጠየቀች።

ከዚያ ተመልሳ ገባች። ዶክተሩ እጁን ታጥቦ ጨርሷል፤ ቀጣዩ ሕመምተኛ በደረታቸው ተኝተዋል። ዓይናዲስ ሽርጧን አጠለቀች፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ማጥለቃቸውን አየች፣ ማሽኑን ወደ ጎድን አጥንቱ ገፋችና መቁጠር ጀመረች።